ደንጊያ ላይ ቆሞ ብሎኬት ማስጫን

መንዝ ውስጥ ደንጊያ ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። ማረሻ ከሥር ይፈነቅለዋል፣ ገበሬው ለቅሞ በማሳው ዳር ይክበዋል፤ አጥሩም ቤቱም ጋጣውም ከዚሁ ነው። የጠፋው እንጨት ነው። በዚያ ብርዳም ደጋ ምድጃ የሚሞቀው በአብዛኛው በኩበት ሲሆን፣ የቆየ ጥድና ወይራ ማየት የፈለገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጎራ ማለት ይኖርበታል። እንዲህ ባለ አገር የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ግን የወጪው ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በብሎኬት፣ በሲሚንቶና በፌሮ ነው። ደንጊያ በሞላበት ተራራ ላይ ብሎኬት በአይሱዙ ይወጣል።

ሕንፃ ከአገሩ አፈር ሲነሣ ምን እንደሚመስል ለማየት የጡብ ካቴድራሎችን ማሰብ ይረዳል። የዴንማርክ ነገሥታት የተቀበሩበት የሮስኪልድ ካቴድራል ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀይ ጡብ የተገነባ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው የአልቢ ካቴድራልም እ.ኤ.አ. በ1282 ተጀምሮ እንደ ምሽግ የቆመ ግዙፍ የጡብ ሥራ ነው። ግንበኞቹ ጡብን የመረጡት ለውበቱ ብቻ አልነበረም፤ የሸክላ አፈሩና ማገዶው በእጃቸው፣ ለመጥረብ የሚመች ደንጊያ ግን እንደልብ የማይገኝ ስለነበር ነው።

ጡብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአክሱም የሐውልቶች ሜዳ አጠገብ በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ቅስቶቹ በተተኮሰ ጡብ የተገነቡ መቃብር አለ፤ ከመሬት በታች ተቀብሮ ኖሮ በ1966 ዓ.ም. አካባቢ በቁፋሮ ተገኘ። በአስመራም ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1923 ያስመረቁት የካቶሊክ ካቴድራል ከነረጅሙ የደወል ማማው የጡብ ሕንፃ ነው። ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለእንጀራ መጋገሪያ ኩበት የሚለቅም አገር በምን እንጨት ጡብ ይተኩሳል?

ስለዚህ የሸዋ ደጋ በደንጊያና በሣር ሠራ።

እዚያ የተገኘውም ጥቂት አይደለም። ከግራኝ ጦርነት በፊት የነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ባለ አራት ማዕዘን ነበሩ። ከግሼ በስተ ሰሜን በቤተ አማራ የነበረችው መካነ ሥላሴ በዐፄ ናዖድ ተጀምራ በልጃቸው በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ተፈጸመች፤ በ1524 ዓ.ም. ስትቃጠል የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ ራሱ በወርቅ ዝርግ የተለበጠውን ግድግዳዋን አድንቆ ጽፏል። ያቃጠለ ወገን ያደነቀው ሕንፃ ምን ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከዚያ ጥፋት በኋላ በደጋው የተስፋፋው ክቡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። በሾጣጣው ክዳን ጫፍ ላይ ጉልላቱ፣ በጉልላቱም ላይ ብዙ ጊዜ የሰጎን እንቁላል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥተው የሸዋን ሥርወ መንግሥት ሲመሠርቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑም የገበሬውም ቤት ከአንድ ካብና ከአንድ ሣር የሚሠራ ነበር። ልዩነቱ በስፋቱና በሥዕሉ ነው።

አሮጌውን ትቶ አዲስ ስለ መሥራት በሚነሣው ክርክር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ታሪክ የተለየ ቦታ አለው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በደንጊያ ካስወገሩ ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በቦታው ላይ ብርሃን እንደታየ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል፤ ዘመኑም 1448 ዓ.ም. ገደማ ነው። ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው አቁመው የቀረ ዕድሜያቸውን አብዛኛውን በዚያ ጨረሱ። የከተማዋ ስም ያማረ ነው፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ደም ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን የዘርዐ ያዕቆብ አይደለም፤ በዚያው ሥፍራ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ በ1898 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። ታዲያ ምኒልክም አዲስ ሠርተዋል፤ እኛ ብንሠራ ምን አለበት የሚል ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ምእመኑ በዝቷል፤ በአባቶች ዘመን ለአንድ መንደር የተለካ ክብ ሕንፃ ለዓመት በዓል ሕዝቡን አይችልም፣ አብዛኛው በውጭ በውርጭና በበረዶ ያስቀድሳል። ሣር ክዳን ያፈሳል፣ እሳትም ይፈራል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በ1953 ዓ.ም. ከመንዝ ግርጌ በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። ሸዋ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠ አገር ነው። በጭቃ የተያያዘ የደንጊያ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ የጥንቱ ሁሉ ይሻላል ብሎ አይሟገትም።

ይሁን እንጂ የጥንቶቹ ግንበኞች ይህንን ችግር ጨርሰው የዘነጉ አልነበሩም። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ እንደሚታየው በደንጊያው መካከል አግዳሚ እንጨት እየጣሉ ግድግዳውን ያስሩ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ የአርማታ ቀለበት ሊሠራው ይችላል። ጥቁሩን ደንጊያ ጠርቦ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ገንብቶ፣ በየደረጃው በአርማታ ማሰር ለማንኛውም ኢንጂነር የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከባድ የሆነው ለጋሹን ማሳመን ነው፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው የአካባቢው ተወላጅ ገንዘብ ሲያዋጣ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው የመዲናዋ ካቴድራል ነው፣ ባለ ጉልላት፣ ባለ ቀለም መስታወት።

የሚገርመው፣ ከመዲናዋ ካቴድራሎች አንዱ ራሱ ከአገሩ ቅርፅ የራቀ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የቆመው የአዲስ አበባው ካቴድራል፣ የዐድዋ ምርኮኛ የነበረው ጣልያናዊ መሐንዲስ ካስታኛ እጅ ቢገባበትም፣ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሠራው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእንጦጦ ማርያምም የተለመደውን ቅርፅ ተከትሎ ነው። ክቡ ሕንፃ ማዕዘን አወጣ እንጂ አልጠፋም። ፋሺስት በ1929 ዓ.ም. ሲያቃጥለው ሕዝቡ ያደሰው ያንኑ ነው፤ አፍርሶ ሌላ አልሠራም።

ስለ ሣር ክዳን የሚባለውም አንድ ወገን ብቻ ነው። መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የጓሳ ምድር ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በተባለ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው የኖረው ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ብሎ ብቻ አልነበረም፤ ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱና ለገሳው ጭምር ነው። በጊዜው ይዘጋል፣ በጊዜው ይከፈታል፣ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። የክዳን ሣር እያበቀለ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ወረዳ፣ የአባቶች ቤተ ክርስቲያን ሣሩ አርጅቷል ተብሎ ሲፈርስ ማየት ያሳዝናል። ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስሙን ከሸዋዋ ወስዶ፣ በደንጊያ ግድግዳውና በሣር ክዳኑ እንደቆመ የዓለምን ሰው ይስባል፤ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል።

ስለዚህ አዲሱ ይሠራ፣ ግን በአሮጌው መቃብር ላይ አይሁን። የገጠር ደብር ቅጥር ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ትልቁ ሕንፃ በአንድ ወገን፣ ክቡ በነበረበት ሊቆሙ ይችላሉ። አሮጌው ለሥርዐተ ማኅሌት፣ ለአብነት ትምህርት ወይም ለዕቃ ቤት ይሆናል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ጥገና ለማድረግ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለጥገና ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ለማፍረስማ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሰበካ ጉባኤው ይህን ጥያቄ ከመቁፈሪያው በፊት ያንሣው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሜትርና ካሜራ ይዘው ቢመጡ፣ የአንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ልክ በጥቂት ቀናት ይወሰዳል። ልኩ፣ የሥዕሎቹና የእንጨቱ ፎቶግራፍ፣ ሽማግሌዎች ስለ ግንበኞቹ የሚያስታውሱትም ተጽፎ፣ አንድ ቅጂ በደብሩ፣ አንድ ቅጂ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ።