ወድቆ ከተነሣ በኋላ

አንባቢ ሆይ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በሲቀላ ገበያ ወይም በሴቻ መንገድ ላይ ሲወድቅ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ሰው ይከበዋል፤ አንዱ «ክብሪት ጫሩለት!» ይላል፤ ሌላው አረፋው እንዳይነካው ይሸሻል። የወደቀው ሲነቃ ግን የከበበው ሁሉ ተበትኗል። ለበሽተኛው ሌላው መከራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

ጡንቻ ሁሉ በአንድነት ተኮማትሮ ሲንፈራገጥ ከቆየ በኋላ ሰውነት እንደ ተደበደበ ይዝላል። ብዙዎችን ራስ ምታት ለሰዓታት ይይዛቸዋል። የተነከሰ ምላስ እህል አያስቀምስም። አንዳንድ ጊዜም በጡንቻው ጉልበት ብቻ ትከሻ ይወልቃል፤ የጀርባ አጥንትም ይሰበራል። በሽተኛው የሆነውን ስለማያስታውስ፣ ሕመሙ ከምን እንደ መጣ ማስረዳት ያቅተዋል።

እስቲ ይህን በጋሞ ምድር ተመልከተው። በደጋው በዶርዜ እሳቱ የሚነደው በቀርከሃው ቤት ውስጥ ነው፤ አወዳደቁ ወደ ምድጃው ቢሆንስ? ሸማኔውም መወርወሪያውን ይዞ የሚውል ሰው ነው፤ የወለቀ ትከሻው ሳይታይለት ከቀረ እንጀራው ከእጁ ወጣ ማለት ነው። በአባያና በጫሞ ሐይቅ ዓሣ ለሚያጠምደው ደግሞ ውሃው አለ።

ከተማሪዎቼ አንዱ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጁን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ማንሣት አቃተው። ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው «ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። ሕመሙን ቢናገር የወደቀበት ቀን እንደገና ሊነሣበት ነውና ዝምታን መረጠ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዳሩ ግን መደበቅን ያስተማረው ማን ነው? የምንሸሸው እኛ አይደለንምን?

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ሕዝቡን አጥንተው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ገልጠዋል፤ ከእነዚህም የታወቀውን መድኃኒት የሚወስዱት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን፣ በሚገባ ከታከሙ ከ100 በሽተኞች እስከ 70 የሚደርሱት ከመውደቅ ሊያርፉ ይችላሉ። ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ነው። ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ አንዳንዱን ሰው ትከሻውንና መገጣጠሚያውን ሊያመው ይችላል፤ ይህንንም ለሐኪም መንገር እንጂ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አይገባም፤ አደገኛ ነውና።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በቢሮህ ወይም በትምህርት ቤትህ ሰው ሲወድቅ ክብሪቱን ተው። ከእሳትና ከስለት አርቀው፤ ከራሱ በታች ልብስ አድርግለት፤ በግድ አትያዘው፤ በአፉም ምንም አትጨምር። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኛው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ቤት አድርሰው። ሲነቃም ከአጠገቡ ሳትርቅ ዝግ ብለህ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» በለው። ክንዱን ማንሣት ካቃተው ወይም ጀርባውን ካመመው «ይለቀዋል» ብለህ አትተወው፤ ወደ ሐኪም አብረኸው ሂድ። በማግስቱም እንደ ወትሮው ሰላም በለው፤ ሕመሙን ሳያፍር የሚነግርህ ያን ጊዜ ነው።