የወይኑ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በየቤታችን ልጅ ሲወለድ አያት አንድ ስም ታመጣለች፤ አባት ሌላ ያመጣል፤ እናትም በልቧ ይዛው የቆየችው አይጠፋም። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ አንድ የወይን ተክል ስም ነው። ይህን ስም ያወጣው መልአክ አይመስለኝም።

በኦስትሪያ፣ ከቪየና አጠገብ፣ ክሎስተርኖይቡርግ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1860 የተቋቋመ የወይን እርሻ ትምህርት ቤት አለ። በ1922 ፍሪድሪክ ስቫይገልት የተባለ የትምህርት ቤቱ ተመራማሪ ሁለት የጥቁር ወይን ዝርያዎችን አዳቀለ። አንደኛው ሳንክት ላውረንት ይባላል፤ መጠጡ ግሩም፣ ተክሉ ግን አመለኛ ነው፤ አበባው ስለሚረግፍ ምርቱ አያስተማምንም። ሁለተኛው ብላውፍሬንኪሽ ዘግይቶ የሚበስል፣ መጠጡም ኮምጠጥና ጠንከር የሚል ነው። ልጃቸው ከሁለቱም ደኅና ደኅናውን ወረሰ። ቶሎ ይበስላል፤ ብርዱን ይችላል፤ ፍሬውም ብዙ ነው።

እንዲያውም ይበዛል። ፍሬው ሲበዛ ወይኑ ስለሚቀጥን፣ አምራቾቹ ገና ያልቀላውን ዘለላ በበጋ እየቆረጡ ይጥላሉ። በጓሮዋ ካሮት የዘራች እህት ይህን አታጣውም፤ ጤነኛውን ቡቃያ እየነቀሉ መጣል እጅን ያሳሳል፤ ካላሳሱት ግን የሚገኘው ሥር ብቻ ነው። መጠጡ ደማቅ ቀይ፣ ለስላሳ፣ የቼሪ ፍሬ ጣዕም ያለው ነው። ዛሬ በዚያ አገር ከቀይ ወይን ዝርያዎች ሁሉ በስፋት የሚተከለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ስሙ ሮትቡርገር ነበር። ሮት በጀርመንኛ ቀይ ማለት ነው፤ የቀረው ከከተማይቱ ስም የተወሰደ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌንስ ሞዘር የተባለ ታዋቂ የወይን አምራች ተክሉን አስፋፋው፤ በ1975ም አዳቃዩን ለማክበር ሲባል ወይኑ ስቫይገልት ተባለ። ሰውዬው በ1964 ሞቶ ስለነበር ይህን ክብር አላየም።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ስቫይገልት በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነው። ኦስትሪያ በ1938 በናዚዎች እጅ ስትገባ የትምህርት ቤቱን አመራር ያዘ፤ እስከ 1945 ድረስም አልለቀቀም። በ2018 የቪየና የኪነ ጥበብ ሰዎች ስብስብ ስሙ ይለወጥ ብሎ «ሰማያዊ ሰኞ» የሚል ሌላ ስም አቀረበ። በጀርመንኛ ሰማያዊ ሰኞ ማለት ከሥራ ቀርተው የሚያሳልፉት ሰኞ ነው። ቀልድ ያለበት ስም ነው፤ ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም።

ተክሉ ምን አጠፋ የሚል ይኖራል። ምንም አላጠፋም። የሰውዬውም የእርሻ ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነበር። ነገር ግን እህቴ፣ በናዚዎች እጅ አያቶቹን ያጣ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ያ ጠርሙስ ሲቀመጥ፣ ማንበብ የጀመረ ልጅ «ይህ የማን ስም ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እናቲቱ ምን ትበለው? ሙያውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስሙን በየቤቱ ማዕድ ላይ ማክበር ሌላ ነው። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ስም ይመለስ እላለሁ።

ያም ስም ቢሆን አልተሰረዘም። የፈለገ አምራች ዛሬም በጠርሙሱ ላይ ሮትቡርገር ብሎ መጻፍ ይችላል። ብዙዎቹ ግን አይጽፉም፤ ገበያው የለመደው ሌላውን ነውና።