ሺህኛው ዕትም የሚመሰክረው ስለ ማን ነው?

ስለ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በተነሳ ቁጥር በእኛ ዘንድ የሚዘወተር አንድ ክርክር አለ። አሜሪካኖቹ ሱፐርማን ብቅ ያለበትን «አክሽን ኮሚክስ» እ.ኤ.አ. በ1938 ጀምረው በ2018 ሺህኛውን ዕትም በድምቀት አከበሩ፤ የእኛው ጀግና ግን ገና ዳዴ ላይ ነው ይባላል። ከዚህ ሁለት ድምዳሜ ይመዘዛል። አንደኛው ሱፐርማን ሺህ የደረሰው ሕዝቡ ስለወደደው ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በእኛ አገር በሥዕል የሚተረክ ጀግና ሥር የሚሰድበት መሬት የለም የሚል ነው። ሁለቱም የዕትም ቁጥርን የአንባቢ ፍቅር ልኬት ያደርጉታል። እኔ ግን ቁጥሩ ከጀግናውም ከአንባቢውም ይልቅ የአሳታሚውን ተቋም ጉልበት ያሳያል ባይ ነኝ።

የተወዳጅነትን ድርሻ አልክድም። አንባቢ የሌለው መጽሔት ሰማንያ ዓመት አይዘልቅም። ሆኖም ሺህ የሚለው ቁጥር እንዴት እንደተገነባ እንይ። «አክሽን ኮሚክስ» ሲጀመር የበርካታ ታሪኮች ስብስብ ነበር፤ ሱፐርማን ከእነዚያ አንዱ ነው። በ1988 እና በ1989 መጽሔቱ ከወርኃዊነት ወደ ሳምንታዊነት ተቀይሮ ከ601 እስከ 642 ያሉትን 42 ዕትሞች በአንድ ዓመት ውስጥ ጨረሰ። በ2011 አሳታሚው ዲሲ ቁጥሩን 904 ላይ አቁሞ እንደገና ከ1 ጀመረ። በ2016 ግን በመካከል የወጡትን 52 ዕትሞች ከቀድሞው ጋር ደምሮ በ957 ቀጠለ። ያ ድምር ባይኖር ኖሮ በ2018 የሚከበር ሺህኛ ዕትም አይኖርም ነበር።

የሌሎቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2019 የወጣው የ«ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» ሺህኛ ዕትም የባትማን 80ኛ ዓመት ክብረ በዓል ሆኖ አለፈ፤ ባትማን ግን የታየው በ27ኛው ዕትም ስለሆነ፣ ከሺው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 26 እሱን አያውቁትም። ስፓይደርማንም በ1999 ከ1 እንደገና ተቆጥሮ፣ በ2003 የቀድሞው ቆጠራ ተመልሶለት 500ኛውን አከበረ። የአንድ ቁጥር ዕትም አዲስ ገዢ ይስባል፣ ባለ ብዙ ዜሮው ደግሞ ሰብሳቢውን፤ አሳታሚው እንደ ገበያው ሁለቱንም ይጠቀማል።

ቁጥሩ የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 መብታቸውን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ከረጅም ሙግት በኋላ የጡረታ ክፍያ የተፈቀደላቸውና ስማቸው በፈጣሪነት እንዲመለስ የተስማሙት በ1975 መጨረሻ ነበር። ጀግናው ዕድሜ ያገኘው መብቱ ከፈጣሪዎቹ እጅ ወጥቶ በማይሞት ድርጅት እጅ ስለገባ ጭምር ነው። ስለዚህ «እኛ ለምን ሺህ አልደረስንም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በምን ዋጋ ሊደርስ እንደሚፈልግም መናገር አለበት።

ወደ ሁለተኛው ድምዳሜ ልለፍ። በእኛ አገር በተርታ የተደረደረን ሥዕል ተከትሎ ታሪክ ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍሎች፣ በአንድ ሸራ የሚተርኩት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ሥራ የታወቀ ነው። ይህ ሸራ ኮሚክ ነው አልልም፤ የንግግር አረፋውም ተከታታይ ዕትሙም ከውጭ የመጡ ናቸው። የምለው ዓይኑ የሠለጠነ መሆኑን ነው። ጀግናን በተመለከተ ደግሞ በወለጋ ጌራርሳ አለ፦ ዘፋኙ የዘር ሐረጉን፣ ገድሉንና በደሉን እያነሳ ያዜማል፣ አዲስ ነገር ሲገጥመው አዲስ ስንኝ ይጨምራል። ተከታታይነት አለው፤ የጎደለው የዕትም ቁጥር ብቻ ነው።

ታዲያ የጎደለን ምንድን ነው? መልሱ ከወለጋ የኅትመት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ፣ አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ጋር፣ በ1894 የታተመው ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ነው። ኦነሲሞስ ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር የጀመረው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ተረቱና ተራኪዋ ነበሩ፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ከአንባቢው እጅግ ሩቅ ነበር። ይህ ርቀት ዛሬም መልኩን ቀይሮ አለ። ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ ባለችው ኪራሙ ለሚኖር ልጅ፣ ተከታታይ መጽሔት ማለት ቀጣዩ ዕትም በቀኑ የሚደርስለትና በሚማርበት በአፋን ኦሮሞም የሚያነበው ነገር ነው። ሁለተኛው ክፍል ያልደረሰው ልጅ ሥዕል አይወድም፣ ማንበብ አይወድም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

አክሽን ኮሚክስ ሺህ በሞላበት በዚያው በ2018፣ ብስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክ ተብሎ የተዋወቀው ይህ ሥራ አማኑኤል ጥላሁን የተባለ የአዲስ አበባ ወጣት ያልተለመደ ኃይል ሲያገኝ ያሳያል። ከዚያም ሴት ጀግና ያላት «ሐዊ» ተከተለች። እነዚህን ከሺህ ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። መጠየቅ የሚገባን ሌላ ነው፦ ዕትሙ በተባለው ጊዜ ይወጣል ወይ? መብቱ በፈጣሪዎቹ እጅ ነው ወይ? ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ አንባቢ በራሱ ቋንቋና በአቅሙ ዋጋ ያገኘዋል ወይ? ሦስቱም ከተሟሉ አሥረኛው ዕትም የሚያኮራ ነው፤ ካልተሟሉ ሺህኛውም ስለ አሳታሚው ደብተር እንጂ ስለ አንባቢው ብዙ አይነግረንም።