«ሲት ዳውን» ስድብ ነው እንዴ?

ሰሞኑን ከአሜሪካ አንዲት እህት ደብዳቤ ላከችልኝ። እዚህ ነርስ ነበረች፤ እዚያ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆና ትሠራለች። አንዲት አሮጊት «ይህቺ ልጅ እንደ ሎሌ ታዘኛለች» ብለው ለአለቃዋ ነገሩባት። «ምን አጠፋሁ? ሲት ዳውን፣ ኦፕን ዩር ማውዝ ነው ያልኩት» ትላለች። እንጀራዋ ነውና ጨንቋታል።

እኔ እንኳ ያለኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው። ነርስ ጎረቤቴን ጠይቄ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ «ይቀመጡ እማማ» ስንል አክብሮቱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። «ሲት» ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው «ሲት» ናት። ስለዚህ እህቴ፣ አክብሮቱን ከውጭ ጨምሪበት። መጀመሪያ የምትሠሪውን ንገሪያቸው፦ «አይ አም ጎይንግ ቱ ቼክ ዩር ብለድ ፕረዠር»። ቀጥለሽ «ፕሊስ ሮል አፕ ዩር ስሊቭ ፎር ሚ» በይ። ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ፤ ጆሯቸው ካልከበደ በቀር።

ደግሞ ትሕትና አበዛሁ ብለሽ «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ስታንድ አፕ?» ብትያቸው፣ «ኖ» ካሉሽ ምን ልትሆኚ ነው? ምርጫ መስጠት ካማረሽ «ዋተር ኦር ጁስ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሊወድቁ ሲሉ ግን ፕሊስ ብሎ ነገር የለም። «ስቶፕ! ዶንት ሙቭ!» በቃ። ያኔ ማንም አይቀየምሽም።

ነገ ስትገቢ «ማማ» አትበያቸው፤ «ሚስስ» ብለሽ ከቤተሰብ ስማቸው ጋር ጥሪያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።