ስልክ ሞግዚት አይደለም!

«ዶክተር፣ ስልክ ካልያዘ አይበላም» የሚሉኝ ወላጆች በዝተዋል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያስለመድነው እኛው ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ግልጽ ነው፦ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት፣ ካነሰም ይሻላል።

«ትምህርታዊ ቪዲዮ ነው» አትበሉኝ። ልጅ አፉን የሚፈታው ሲያወሩትና ሲመልሱለት ነው፤ ቪዲዮ ግን አይመልስለትም። ይልቅ ጭቃ ያቡካ፣ የካልሲ ኳስ ይሥራ። ግድግዳ ቢሞነጭርም ይታጠባል። «ሰለቸኝ» ሲል አትደንግጡ፤ ጨዋታ የሚፈጥረው ያኔ ነው።

ከዛሬ እራት ጀምሮ ስልኩን አንሱ፤ የእናንተንም ጭምር! ያለቅሳል፤ ግን ይለምደዋል።

2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላገናኘ ደግሞ «ይደርሳል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት።