አራስ ነብር በአኳሪየም ውስጥ

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ አከራይና ተከራይ ጠብ ስንቱን ደብዳቤ አስተናግደናል! የዚህ ሳምንቱ ግን ለየት ይላል። ጠቡ የተነሳው ውኃ ውስጥ ነው… ከዚያም ሾልኮ ሳሎን ገብቷል። ደብዳቤው የመጣው ከባሌ ሮቤ ነው። አሳጥረን እናቅርብላችሁ፦

«ዕድሜዬ 27 ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ 80 ሊትር የሚይዝ አኳሪየምና ስድስት ጎልድ ፊሽ ይዤ መጣሁ። ከሥራ ስገባ እነሱን ቁጭ ብዬ ሳይ ድካሜ ሁሉ ይጠፋል። ጎባ የምትኖር እጮኛ አለችኝ። ለልደቴ ሁለት ግራጫ፣ ጥቁር ጥቁር መስመር ያላቸው ዓሦች ከአዲስ አበባ አስመጥታ ሰጠችኝ። እነሱ ሙቀት ይፈልጋሉ ስለተባልኩ የውኃ ማሞቂያም ገዛሁ። ሁለት ወር ያህል ሰላም ነበር። አሁን ግን ጉድ ፈላ! ለጌጥ ብዬ ያስገባኋትን አንገቷ የተሰበረ ጀበና ያዙና ማንም ዝር እንዳይል ከለከሉ። በተለይ ትንሹ፣ ሆዱ አካባቢ ብርቱካን የሚመስለው፣ ለየለት ጉልቤ ነው። ሦስቱ ጎልድ ፊሾች ሞቱ። የቀሩት ሦስቱ ጅራታቸው ተበጣጥሶ ጥግ ይዘዋል። ቅጣት ይሁነው ብዬ ሦስት ቀን ምግብ ብከለክለው ጭራሽ ባሰበት። ጓደኛዬ ‹ሻያ ወንዝ ጣለውና ተገላገል› ይለኛል። እናቴ ‹ገደ ቢስ ነው፣ አውጣልኝ› ትላለች። እጮኛዬ ደግሞ ‹እነሱ ከወጡ እኔንም እንዳስወጣኸኝ ቁጠረው› ብላ አኩርፋለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድማችን፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናርምልህ። ያ «ጉልቤ» ያልከው ወንድ አይደለም። ሴት ናት! ከነገርከን መልክ ተነስተን ስናየው ዓሦችህ ኮንቪክት ሲክሊድ የሚባሉት ናቸው። ኮንቪክት ማለት በእንግሊዝኛ እስረኛ ነው። ስሙ የወጣላቸው በድሮ ጊዜ የፈረንጅ አገር እስረኞች ይለብሱት የነበረውን ባለ መስመር ልብስ ስለሚመስሉ ነው። የትውልድ አገራቸው መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን የሥጋ ዘመዳቸው ግን አዋሳና ዝዋይ ላይ ተጠብሶ የሚቀርብልን የኛው ቆሮሶ ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በኮንቪክት ዘንድ ሆዷ ላይ ብርቱካን ቀለም ያላት ሴቷ ናት። ወንዱ ተለቅ ይላል፣ ቀለሙም ደብዘዝ ያለ ነው።

እንግዲህ ወንድና ሴት፣ ጨለም ያለች ጀበና፣ የሞቀ ውኃ… ምን ቀረ? ሌላው ዓሣ አብዛኛው እንቁላሉን በትኖ መንገዱን ይቀጥላል። ኮንቪክት ግን እንደዚያ አይደለም። ባልና ሚስት ሆነው ዋሻ ነገር ፈልገው ይገባሉ፣ እንቁላላቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፣ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እንቁላሉ ሦስት ቀን ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው ለመዋኘት እንደገና አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ከዚያ በኋላም እናትና አባት ለሳምንታት መንጋቸውን እየነዱ ያሰማራሉ። በዚህ ጊዜ የሚጠጋውን ሁሉ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ይነክሳሉ። የባለቤቱን እጅ ሳይቀር!

አራስ ነብር ሲባል ሰምተህ የለ? ቤትህ ያለችው እሷ ናት። ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፋና በባትሪ ወደ ጀበናዋ ውስጥ አብርተህ እይ። በሸክላው ላይ ትንንሽ ፍሬ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ካየህ፣ ወይም ጭራ የመሳሰሉ ነገሮች ሲርገፈገፉ ካየህ፣ ነገሩ አለቀ።

ምግብ መከልከሉን ደግሞ ዛሬውኑ ተው። ዓሣ ቅጣት አይገባውም። የተራበ ኮንቪክት የጎልድ ፊሹን ጅራት እንደ ምሳ ነው የሚያየው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? እውነቱን እንንገርህ፣ ጥፋቱ የአቀማመጡ ነው። ጎልድ ፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ የሚወድ፣ ዘገምተኛና ረጅም ጅራት ያለው ዓሣ ነው። ለተናካሽ ጎረቤት ከሱ የበለጠ የተመቸ የለም። ኮንቪክት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል። ለአንዱ ስታሞቅ ሌላውን ታስጨንቃለህ። ቦታውም ጠባብ ነው። 80 ሊትር ለአንድ የኮንቪክት ጥንድ ልክ ይሆናል። ለስድስት ጎልድ ፊሽ ግን እነሱ ሳይመጡም ጠቦ ነበር።

የሮቤን ከፍታም አትርሳ። ከተማህ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ እኩል ሙቀት ያለው ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ ለቆላ ሰው የተጻፈውን «ይህን ያህል ዓሣ ለዚህ ያህል ሊትር» የሚል መመሪያ ባሌ ላይ እንዳለ አትውሰደው። ከዚያ አሳንስ። አየር መንፊያዋ ሞተርም ሌት ተቀን ትሥራ።

ጓደኞችህ ምናልባት «ድንጋዩን ሁሉ አገላብጥ፣ ጀበናዋን አውጣ፣ ግዛቱ ሲጠፋበት ይረጋጋል» ይሉህ ይሆናል። ውሸት አይደለም። ለብዙ ተናካሽ ዓሦች ይሠራል። ቤቱ ሲቀየር የኔ ነው የሚለው ድንበር ይፈርስበትና ለጥቂት ቀናት ሁሉም እንግዳ ይሆናል። ተጋብተው ለወለዱ ኮንቪክቶች ግን ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው። ጀበናዋን ብትወስድባቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኛሉ። ድንጋዩን ብትወስድ አሸዋውን ቆፍረው ይጀምራሉ። እኛ አንመክርህም።

የሚሻለው መለየት ነው። ማንን እናውጣ ካልክ ደግሞ ጎልድ ፊሾቹን! አትደንግጥ። እነሱ ማሞቂያ አያስፈልጋቸውም፤ የሮቤ ቤት ውስጥ ቅዝቃዜ ይስማማቸዋል። ለጊዜው ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ባለ ክዳን ሳጥን ይበቃል። ውኃውን ከዚያው ከአኳሪየሙ ቅዳላቸው። ሙቀቱ ቀስ እያለ በራሱ ይውረድ፣ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዳትጨምራቸው። የምትጨምረው የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ይደር። ለቆሰለው ጅራታቸው ለአምስት ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ተራ ጨው በጥብጠህ ጨምር። በየሁለት ቀኑም ከውኃው ሩቡን ቀይር፤ ጨውም ለአዲሱ ውኃ ብቻ እንጂ ለጠቅላላው ደግመህ አትጨምር። ንጹሕ ውኃ ካገኘ የተበጣጠሰ ጅራት ሥሩ እስካልተነካ ድረስ መልሶ ይበቅላል። ገንዘብ ስታገኝ ሁለተኛ አኳሪየም ትገዛላቸዋለህ።

አራሷና ባሏ እዚያው አኳሪየማቸው ውስጥ ከነጀበናቸው ይቆዩ። ማሞቂያውንም ለእነሱ ተወው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሮቤ ሌሊት ምን እንደሚመስል ላንተ አንነግርህም። መብራት ከጠፋ አኳሪየሙን ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተውለት። በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልተህ ክዳኑን ግጥም አድርገህ አንሳፍበት። በየጊዜው በኩባያ ውኃውን እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ። አየር የሚያስገባው ይኸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሌሎቹ ሲወጡ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው የኦስትሪያ ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፣ በ1963 ባሳተመው ስለ ጠበኝነት በሚያትት መጽሐፉ የእነዚህኑ የሲክሊዶች ነገር ጽፏል። ጎረቤት የሌለው ባል፣ የሚቆጣበት ሲያጣ ሚስቱን መደብደብ ይጀምራል፤ እስከ መግደልም ይደርሳል። ሎሬንዝ አኳሪየሙን በመስተዋት ለሁለት ከፍሎ በየክፍሉ አንድ አንድ ጥንድ ሲያስቀምጥ፣ ወንዶቹ በመስተዋቱ ማዶ ለማዶ እየተዛዛቱ ሚስቶቻቸውን በሰላም ያኖሩ ነበር። መስተዋቱ አረንጓዴ ለብሶ ጎረቤቱ የማይታይ ሲሆን ታዲያ፣ ባልየው ወደ ሚስቱ ዞሮ ያመናጭቃታል! (ይህን ያነበባችሁ ባለትዳሮች ለምን እንደምትስቁ እናውቃለን።) ስለዚህ ለሴቷ የምትሸሸግበት ሁለት ሦስት ቦታ አዘጋጅላት፤ የተሰበረ የአበባ ማሰሮም ይሆናል። ወንዱ ከበረታባት በተበሳሳ ፕላስቲክ ለይላት።

አሁን ወደ ሻያ ወንዝ እንምጣ። ጓደኛህ በቅንነት ነው የተናገረው፤ ምክሩ ግን መጥፎ ነው። ሻያ የደጋ ውኃ ነው። ኮንቪክት በዚያ ብርድ ውስጥ ደንዝዞ ቀስ በቀስ ይሞታል። ይህ ከጭካኔ አይለይም። ባይሞትስ? ሻያ ወደ ወይብ ይገባል። ወይብ ቁልቁል ወደ ቆላው ወርዶ፣ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ እስከ ገናሌ ይዘልቃል። ታች ውኃው ይሞቃል። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ሰዎች ከአኳሪየም አውጥተው የለቀቋቸው ኮንቪክቶች ፍል ውኃ ምንጮች ውስጥ ተራብተው፣ ከዚያ በቀር ሌላ ቦታ የማይገኙ ትንንሽ ዓሦችን መከራ አሳይተዋል።

ባሌም ቢሆን ለመጤ ዓሣ አዲስ አይደለም። ዲንሾ አካባቢ በወይብ ወንዝ የሚጠመደው ትራውት የአገሩ ተወላጅ እንዳይመስልህ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ሌላውን ዓሣና የውኃ ነፍሳት የሚበላ አዳኝ ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ መልሶ የሚያወጣው የለም። የመጣው ለስፖርት ተብሎ፣ በመንግሥት ፈቃድ ነበር። አንተ ግን በአንድ ማታ ኩርፊያ ተነስተህ ወንዝ ውስጥ አዲስ ዘር ልትጨምር ነው። የማትፈልገውን ዓሣ አሳዳጊ ፈልገህ ስጥ፣ ወይም ወደ ሻጩ መልስ። ወንዝ ግን አይሆንም!

እናትህን አትቆጣቸው። ሦስት ሬሳ ከቤታቸው ሲወጣ ያዩ ናቸው። ጫጩቶቹ ሲወጡ ጠርተህ አሳያቸው፤ እናትየዋ ልጆቿን በአፏ እየለቀመች ወደ ጀበናዋ ስትመልስ ይዩ። «ገደ ቢስ» የሚለው ያኔ ይቀር ይሆናል።

የእጮኛህ ነገር ይቀረናል። ሰው ልካ፣ 430 ኪሎ ሜትር አስጭና ያመጣችልህ ስጦታ ነው። ዓሣው ተናካሽ መሆኑን የነገራት የለም። ስታኮርፍ የሰማችው «ስጦታሽ ገዳይ ነው» የሚል ቃል እንጂ ስለ ጎልድ ፊሽ አይደለም። ጎባ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ሚኒባስ ያዝና በአካል ሂድ። እንዲህ በላት፦ «ያንቺዎቹ ወልደዋል። ቤቱን ለእነሱ ለቅቄያለሁ፣ የወጡት የኔዎቹ ናቸው።» ግን ሌላም ነገር ንገራት። «እነሱ ከወጡ እኔም ወጣሁ» የሚባለው ነገር በዓሣ ተጀምሮ በሶፋ፣ ከዚያም በዘመድ የሚቀጥል ጠባይ ነው። ከጋብቻ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። አንተም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው ጎልድ ፊሽ ሲሞት ሳትነግራት ሦስተኛው እስኪሞት ለምን ጠበቅህ?

አንድ ጊዜ የሚፈለፈሉት ከመቶ ሊበልጡ ስለሚችሉ ከአሁኑ አስብበት። ብዛት የማትፈልግ ከሆነ ከዚህ ዙር በኋላ ወንዱንና ሴቷን ለይ። እጮኛህ የተወሰኑትን ጎባ ልውሰድ ካለችህ፣ እዚያ ከሮቤም ይበርዳልና መጀመሪያ ማሞቂያው ተገዝቶ ውኃው ይሙቅ። ለጉዞው አንድ ቀን ሳትመግባቸው ላስቲክ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር አድርገህ እሰርና በጋቢ ጠቅልላቸው።

ጀበናዋ ውስጥ ያገኘኸውን ጻፍልን።