አልነሣም ስላለ አሮጌ ኮምፒዩተር

ከአባት የቀረ መጽሐፍ በማኅደሩ ተከብሮ እንደሚቀመጥ ሁሉ፤ በአንዳንድ ቤትም ወላጆች ደብዳቤያቸውን፥ የቤታቸውን ሒሳብና የትውልድ ቍጥራቸውን የጻፉበት አሮጌ ኮምፒዩተር በአንድ ጥግ ተቀምጦ ይገኛል። ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ቢከፍቱት አልነሣም ያለ እንደ ሆነ፤ አንዳንዱ ሰው ሞቷል ብሎ ይጥለዋል፤ አንዳንዱም ካቻቢቴ ይዞ ይፈታዋል። ሁለቱም በችኰላቸው ይጐዳሉ። ስለዚህ ማድረግ የሚገባውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

ለምሳሌ የምንወስደው አፕል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ያወጣውን ማኪንቶሽ ኤስ ኢ የተባለውን ኮምፒዩተር ነው። ከዚህ ዐይነት አንዱ 20 ሜጋባይት የሚይዝ ሐርድ ዲስክ በሆዱ የተገጠመለት ነበር። ሐርድ ዲስክ ማለት በማግኔት የሚጻፍባቸው ሳሕኖች በሞተር የሚዞሩበት፤ የማንበቢያውም ራስ በላያቸው እየተመላለሰ ጽሑፉን የሚያነብበት የታሸገ ዕቃ ነው። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ጊዜ ሥራ የሚያስጀምረውን ሥርዐት ከዲስኩ ላይ ይፈልጋል፤ ያጣው እንደ ሆነ ግን በመስተዋቱ ላይ የፍሎፒ ዲስክ ሥዕል የጥያቄ ምልክት ይዞ ብልጭ ድርግም ይላል።

ይህን ያየ ሰው አይደንግጥ፤ የሞት መርዶ አይደለምና። መሣሪያው «የምነሣበትን ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ መጠየቁ ነው። መጠየቅ የቻለም ገና በሕይወት አለ። ወላጆች የጻፉትም ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በዲስኩ ላይ እንዳለ ይገኛል። ስለዚህ ዋናው ምክራችን ይህ ነው፤ አስቀድሞ ጽሑፉን ማውጣት፤ መሣሪያውን ማደስ ግን ከዚያ በኋላ።

በመጀመሪያ ቤቱን ጸጥ አድርጎ ማዳመጥ ይገባል። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ከተሰማ ዲስኩ አልዞረም ማለት ነው። ዲስኩ ሲዞር ከተሰማ ግን ሥርዐቱ ብቻ ተበላሽቶ ይሆናልና፤ መሣሪያውን ሥርዐት ባለው ፍሎፒ ዲስክ ማስነሣት ነው። የሐርድ ዲስኩ ሥዕል በመስተዋቱ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ሌላ ነገር ሳይነኩ ጽሑፉን መገልበጥ ይገባል። መሣሪያው ዲስኩ አይነበብምና እንደ አዲስ ላሰናዳው ወይ ብሎ ቢጠይቅ፤ እሺ ማለት የነበረውን ሁሉ ማጥፋት ስለ ሆነ እንቢ ይባላል።

ግልባጩን በ800 ኪሎባይት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ብቻ ማኖር አይበቃም፤ የዛሬ ዘመን የፍሎፒ ማንበቢያ ይህን አያነብበውምና። ዛሬ ብሉስካሲን የመሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ እነዚህም ጽሑፉን በትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ እያኖሩ ለአሮጌው ኮምፒዩተር ሐርድ ዲስክ መስለው ይታዩታል። በኮምፒዩተሩ ጀርባ ባለው የስካሲ ቀዳዳ ስለሚገቡ ሣጥኑን መፍታት አያስፈልግም። ነገር ግን በአንድ የስካሲ መሥመር ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የየራሱ ቍጥር ሊኖረው ይገባል። 7 የኮምፒዩተሩ ነው፤ 0 ብዙ ጊዜ የውስጡ ዲስክ ነው፤ ስለዚህ ለአዲሱ ሌላ ቍጥር ይሰጠዋል። ሁለት ዕቃ በአንድ ቍጥር ቢጠራ አንዱም በደኅና አይመልስም።

ዲስኩ ያልዞረ እንደ ሆነ፤ ብዙ ዘመን ሳይሠራ በመቀመጡ የማንበቢያው ራስ ከሳሕኑ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ባለሙያዎች ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ዲስኩን ካወጡ በኋላ፤ በእጃቸው ይዘው እንደ ቍልፍ ወዲያና ወዲህ ፈጠን አድርገው በማዞር ያላቅቁታል። አንድ ጊዜ ከዞረላቸው ጽሑፉ እስኪገለበጥ ድረስ አያጠፉትም፤ ሁለተኛ ላይነሣ ይችላልና። በአንዳንዱ ዲስክ ደግሞ፤ ለምሳሌ ኳንተም ፕሮድራይቭ በሚባለው፤ ሞተሩ እየዞረ በውስጡ ያለው የማቆሚያ ጎማ አርጅቶ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ራሱን ይዞ ያስቀረዋል። ይህን ለማጽዳት ማኅተሙን መክፈት ግድ ነው። የማንበቢያው ራስ ከሳሕኑ የሚርቀው ከጠጕር ውፍረት እጅግ ባነሰ ልክ ስለ ሆነ፤ ጥቂት ትቢያ ቢገባ ጽሑፉን ሊፍቀው ይችላል። ስለዚህ ይህ ሥራ በቤት አይሞከር፤ ለባለሙያ ይሰጥ።

ሣጥኑንም ያልተማረ ሰው አይፍታው። የመስተዋቱ ቱቦ በብዙ ሺሕ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ከጠፋም በኋላ ኀይሉ ሊቈይበትና ሰውን ሊመታ ይችላል። ባለሙያው በከፈተው ጊዜ ግን 3.6 ቮልት የሆነውን አሮጌ ባትሪ እንዲያወጣው ማሳሰብ መልካም ነው፤ ባትሪው ሲያረጅ ፈሳሹ ወጥቶ የውስጡን የመዳብ መሥመር ይበላዋልና።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ አንዱ ግልባጭ በቤት፤ ሁለተኛው በታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ቢድን ደስታ ነው፤ ባይድንም የቤቱ ሰው ያጣው ዕቃ ብቻ ነው። ዕቃ በዕቃ ይተካል፤ የወላጅ ቃል ግን ከጠፋ የሚተካው የለም።